የፓወር ሰፕላይ ጥገናን በቁጥር ስለ ማቀድ

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ኡም ራኩባ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ድንበር ተሻግረው የሄዱ ወገኖች ተጠልለውበታል። ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላም በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። እንዲህ ባለ ሥፍራ የሚሠራ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ኦክሲጅን የሚያዘጋጅ መሣሪያ፣ የመገናኛ ሬዲዮና የማዋለጃ ክፍል መብራት ያስፈልጉታል። እነዚህ ሁሉ በሥራ የተለያዩ ቢሆኑም፣ ከጄኔሬተር ወይም ከፀሐይ ኃይል የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለመሣሪያው እንዲስማማ አድርጎ የሚሰጥ ሣጥን በየውስጣቸው አለ፤ ይኸውም ፓወር ሰፕላይ የምንለው ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ ይህ ሣጥን ሌሊት ቢቃጠልና ማንም ሳያውቅ ቢያድር፣ ጠዋት ለሕፃናት የሚሰጥ ክትባት ላይኖር ይችላል። እንግዲህ ሣጥኑን መቼ መጠገን ይገባል? ከተበላሸ በኋላ ነው ወይስ አስቀድሞ?

መልሱን ለማግኘት መነሻ የሚሆነን ፋብሪካው በመሣሪያው ጽሑፍ ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በብልሽትና በብልሽት መካከል የሚያልፈውን አማካይ ጊዜ ያመለክታል። 50,000 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል እንበል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ሰዓቱን ለ8,760 አካፍሎ፣ «5 ዓመት ከ8 ወር ያገለግላል» ይላል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ቁጥሩ የአንድን ሣጥን ዕድሜ ሳይሆን የብዙ ሣጥኖችን የብልሽት ፍጥነት የሚገልጽ ነው። የብልሽቱ ፍጥነት ሳይለወጥ ቢቆይ እንኳ 50,000 ሰዓት ሳይበላሹ የሚደርሱት ከመቶ 37 ያህሉ ብቻ ናቸው። የሒሳብ መምህራን ይህ ቁጥር የ«ኢ» ግልባጭ መሆኑን ወዲያው ያስተውላሉ።

የብልሽት ፍጥነት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአሠራር ጉድለት የተነሣ ይበዛል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይረጋጋል፣ በመጨረሻ በእርጅና ምክንያት እንደገና ይወጣል፤ ሥዕሉ የመታጠቢያ ገንዳ ይመስላል። ነገር ግን ሁሉም ዕቃ ይህን መንገድ አይከተልም። ኖውላንና ሂፕ የተባሉ የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው የአውሮፕላን ክፍሎች ዕድሜያቸውን ቆጥሮ በመለወጥ የሚጠቀሙት ከመቶ 11 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ለቀሩት 89 በቀጠሮ መፍታትና መለወጥ ጥቅም አልነበረውም። እንዲያውም አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር የመጀመሪያው ዘመን ብልሽት አብሮት ይመጣል። ፓወር ሰፕላይ አውሮፕላን አይደለም፤ ሆኖም የሚሠራን ሣጥን በየስድስት ወሩ የሚፈታታ ቴክኒሺያን ትጉህ ነው ለማለት እንቸገራለን።

ታዲያ በፓወር ሰፕላይ ውስጥ በእርግጥ የሚያረጀው ምንድን ነው? በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ማራገቢያውና ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩ። በካፓሲተሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ቀስ በቀስ እየተነነ ያልቃል። በልምድ የሚሠራበት ደንብ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል የሚል ነው፤ መሠረቱም የስዊድኑ ሳይንቲስት አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ቀመር ነው። «105 ዲግሪ፣ 2,000 ሰዓት» የሚል ካፓሲተር እንውሰድ። የሣጥኑ ውስጥ ከውጪው አየር በ25 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። አየሩ 20 ዲግሪ በሆነበት ደጋ ካፓሲተሩ በ45 ዲግሪ ይሠራል፤ 2,000 ስድስት ጊዜ ሲታጠፍ 128,000 ሰዓት፣ ማለትም 14 ዓመት ተኩል ይሆናል። በገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት የቀን ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ካፓሲተሩ በ65 ዲግሪ ስለሚሠራ 32,000 ሰዓት፣ ማለትም 3 ዓመት ከ8 ወር ያህል ብቻ ይቆያል። እርግጥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። 12 ሰዓት በ65፣ 12 ሰዓት በ55 ዲግሪ ብንቆጥር ወደ 5 ዓመት ይጠጋል። እንግዲያው ካፓሲተሩን በ4ኛው ዓመት መለወጥ ምክንያት ያለው ቀጠሮ ነው።

በሱዳን ዓረብኛ ራኩባ ማለት በእንጨትና በሣር የሚሠራ ዳስ ነው። ሣጥኑን ከቆርቆሮ ሥር አውጥቶ አየር በሚያገኝ ጥላ ማስቀመጥ ሙቀቱን 10 ዲግሪ ከቀነሰለት፣ ያ ጥላ የካፓሲተሩን ዕድሜ እጥፍ አደረገ ማለት ነው፤ ይህም ያለ አንዲት መፍቻ።

በድንገት ለሚበላሹት ለቀሩት ክፍሎች መድኃኒቱ መለዋወጫ ሣጥን ማኖር ነው። በገዳሪፍ አካባቢ ጥቁሩ መሬት በክረምት ጭቃ ሆኖ መኪና ይይዛል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው የሱዳን ጦርነት ምክንያት ደግሞ በካርቱም በኩል ይመጣ የነበረው ዕቃ ተስተጓጉሏል። ስለዚህ ለ90 ቀን የሚበቃ እናስላ። 40 ሣጥኖች ሌት ተቀን ቢሠሩ 40 ጊዜ 2,160፣ ማለትም 86,400 ሰዓት ነው፤ ለ50,000 ሲካፈል 1.7 ብልሽት ይጠበቃል። ሁለት መለዋወጫ ይበቃል ማለት ግን አይደለም፣ ይህ አማካይ ነውና። ፖይሰን በተባለው የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ ስም በሚጠራው ቀመር ስናሰላው፣ 3 መለዋወጫ ከመቶ 90 ያህል፣ 4 መለዋወጫ ከመቶ 97 ያህል ዋስትና ይሰጣል። በሙቀትና በአቧራ የተነሣ እውነተኛው አማካይ ጊዜ ወደ 25,000 ሰዓት ቢወርድ ግን ከመቶ 90 በላይ ለመድረስ 6 ያስፈልጋል።

ያን እውነተኛ ቁጥር የሚሰጠን ደብተር ብቻ ነው። ሣጥኑ የገባበት ቀን፣ የሠራበት ሰዓት፣ የተበላሸበት ቀን፣ የተበላሸው ክፍልና የክፍሉ ሙቀት ይመዝገቡ። ምክንያቱም ተለይቶ ይጻፍ፤ በመብረቅ ወይም በጄኔሬተር ቮልቴጅ መዋዠቅ የተቃጠለን ሣጥን ከእርጅና ጋር መደመር ሒሳቡን ያበላሻል። ከዚያ ጠቅላላውን ሰዓት ለብልሽቶቹ ብዛት ማካፈል ነው። ምንም ብልሽት ካልታየስ? ሰዓቱን ለ3 እናካፍላለን። 10 ሣጥኖች እያንዳንዳቸው 3,000 ሰዓት ያለ ብልሽት ከሠሩ፣ አማካዩ ከ10,000 ሰዓት አያንስም ብለን ከመቶ 95 እርግጠኝነት መናገር እንችላለን።

ይህን ሥራ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ባሉት ሣጥኖች ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ክዳኑን አይክፈቱ። በ230 ቮልት የሚሠራ ሣጥን ዋና ካፓሲተር እስከ 325 ቮልት ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። ሙቀቱን ለመለካት ቴርሞሜትሩን በአየር ማስወጫው ቀዳዳ አጠገብ መያዝ በቂ ነው፤ ጊዜውም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል።