የተደበቀውን ፍለጋ፦ ለአያትና ለልጅ ልጅ

ልጆች በስልክ ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች መካከል አያትም ሳይቸገሩ የሚገቡበት አንድ ዓይነት አለ፤ የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ። በሰውና በዕቃ የታጨቀ ሥዕል ይቀርባል። ቁልፍ፣ ጃንጥላ ወይም ድመት ፈልጉ ይባላል፤ ያገኘ በጣቱ ይነካል። ተኩስ የለም፤ በብዙዎቹ ጥድፊያም የለም።

ጨዋታው ከመጽሐፍ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ማርቲን ሃንድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ ቀይና ነጭ መስመር ያለው ሹራብ የለበሰውን ዋሊን በሕዝብ መካከል ደብቆ ልጆችን አስፈልጓል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ሂደን ፎክስ» ደግሞ በእጅ የተሣለ የስልክ ጨዋታ ነው፤ ድምፆቹ በሰው አፍ የተሠሩ ናቸው።

ለእኛ አያቶች ፍለጋው እንግዳ አይደለም። በቱም፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ከአረንጓዴው መካከል የቀላውን ቡና የለቀመ፣ ከምስር ጠጠር ያወጣ ዓይን ለምዶታል።

ትልቁ ጥቅም ቋንቋ ነው። የዕቃዎቹ ስም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ያንብብ፤ እርስዎ በአማርኛ፣ የቱም ሰው ከሆኑም በዲዚ ቋንቋ ስሙን ይንገሩት። ከስሙ ወደ ወጉ መሻገር ቀላል ነው።

ልክ ግን ይኑረው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል።

ስልኩ ሲዘጋ የዓድዋን ጦርነት ባህላዊ ሥዕል አውጡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የት አለ? ፊታቸው በከፊል ብቻ የሚታየውስ እነማን ናቸው? በአገራችን የአሣሣል ልማድ ጠላት ነው በጎን የሚሣለው።