የበሩ ጎማ

ከፒያሳ ወደ ቀጨኔ መድኃኔዓለም የሚወጡ መኪኖች ዳገቱን በከባድ ማርሽ እየጎተቱ ይወጣሉ። ከአስፋልቱ ተገንጥለው ወደ ሰፈሩ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲገቡ ደግሞ ኮብልስቶኑ ይቀበላቸዋል። በሮቹ መጮኽ የሚጀምሩት ያኔ ነው። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላሉ፤ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ይብስባቸዋል። ባለ መኪናው «አርጅታለች እኮ» ብሎ ይተወዋል፤ አለዚያም ዘይት ይዞ ማጠፊያውን ሁሉ ያጠጣል። ሲጢጥታው ግን አይለቅም።

ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው በሩን ዙሪያውን የከበበው ጥቁር ጎማ ነው። ሞተሩ ዘይት ይቀየርለታል፣ ፍሬኑ ሸራ ይቀየርለታል፤ የበር ጎማ ግን ተቀድዶ እስኪንጠለጠል ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሥራው ግን ብዙ ነው። ዝናብ ይመልሳል፣ አቧራ ያግዳል፣ የመንገዱን ጩኸት ያፍናል፤ በሩ ሲዘጋም ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሀል ገብቶ ይቀበላል።

እስቲ አንዱን በር ከፍተው ጎማውን በጣትዎ ጫን ያድርጉት። ሥሩ ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ቀጭን ብረት ስላለበት የላሜራውን ጠርዝ ነክሶ ይይዛል። ከላዩ ያለው ግን ለስላሳና ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ነው። በሩ ሲዘጋ ቱቦው ተጨፍልቆ ክፍተቱን ይሞላል፤ ሲከፈት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። እዚህም እዚያም በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያዩበታል። የተበላሸ መስሎት በማጣበቂያ የሚደፍናቸው ሰው አይጠፋም። መደፈን የለባቸውም፤ ቱቦው ሲጨፈለቅ የታመቀው አየር የሚወጣው በእነሱ ነው።

ጎማ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከዛፍ የሚቀዳው ነው። ያ ጎማ በሙቀት ይጣበቅ፣ በብርድ ይሰባበር ስለነበር፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ከድኝ ጋር አብስሎ ማጽናቱን እስኪደርስበት ድረስ ለብዙ ሥራ አይበቃም ነበር። ከዚያ በኋላም አንድ ጠላት ቀረበት። አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የተፈጥሮ ጎማን እየቆራረጠ ይሰነጥቀዋል። ዛሬ የመኪና በር ላይ ያለው በአብዛኛው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን ኦዞንን፣ ፀሐይንና ውሃን አሳምሮ ይችላል። ጥቁር የሆነውም በምክንያት ነው፤ የተቀላቀለበት የካርቦን ጥላሸት የፀሐይን ጨረር ይውጥለታል። የማይችለው ነዳጅና ከነዳጅ የሚወጣ ዘይትን ነው። ዘይት ሲነካው ይመጥጠዋል፣ ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፤ ቆይቶም ቅርጹን ያጣል።

እንግዲህ በማጠፊያው ሰበብ ዘይት የሚያጠጣው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ይታያችሁ። ለማጠፊያው ይበጃል፤ የተንጠባጠበው ግን ጎማውን ይገድለዋል። ሞተር ዘይት፣ ግሪስ፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ቫዝሊንም ጭምር የበር ጎማ ላይ አይቀባም። ለሁለት ቀን ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያመጣው ጣጣ ከሲጢጥታው የከፋ ነው። ላቫጆ ላይ መኪናዎ ግራሳጆ ሲደረግም «ያብረቀርቅ» ተብሎ ናፍጣ የነካው ጨርቅ በበሩ ጎማ ላይ እንዳያልፍ ይከልክሉ።

ጎማው የሚጮኽበት ምክንያት ማሲንቆ ላይ በግልጽ ይታያል። ደጋኑ ጭራው ላይ ሲሳብ ይይዘዋል፣ ወዲያው ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል፤ ይህ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። አዝማሪው ደጋኑን ዕጣን የሚያሸው ይበልጥ እንዲይዝለት ነው። የደረቀና አቧራ የጠጣ ጎማም ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኮብልስቶን ላይ የመኪናው አካል በትንሹ ይጠማዘዛል፤ በሩም ከጎማው ጋር በፀጉር ስፋት ያህል ወዲያ ወዲህ ይላል። ለሲጢጥታ ይህች ትበቃለች።

በሸክላ ሠሪዎቿና በሸማኔዎቿ የምትታወቀው ቀጨኔ ለዚህ ጎማ ቀላል ሰፈር አይደለችም። በእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ብርዱ ያታልለናል እንጂ ያለ ጥላ ቆሞ የሚውል መኪና ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ብርቱ ነው። በበጋ አቧራው አለ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ጎማውን ያደድረዋል። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ ይመጣል።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ከጮኸ ጥፋቱ የማጠፊያው ነው፤ እዚያ ግሪስ ተገቢ ነው። በሩ ተዘግቶ መኪናው ሲሄድ ከጮኸ ግን ጎማውን ወይም ሰራቱራው የሚነክሰውን ብረት ይጠርጥሩ። ሰው አብሮዎት ይቀመጥና መንገዱ ሲንገጫገጭ በሩን በመዳፉ ወደ ውጭ ይግፋው፤ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ፍለጋው አልቋል ማለት ይቻላል። ጎማው አጥብቆ መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ደግሞ ቁራጭ ወረቀት በጎማውና በበሩ መሀል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። እየተንገራገጨ ከመጣ ደህና ነው። ያለ ምንም መያዝ ሹልክ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው ተጋድሟል፤ ውሃም በዚያው ይገባል።

እንክብካቤው ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። በረኪና አይነካውም፣ ሸካራ ብሩሽም አይታሽበትም። ጨርቁ ጥቁር እድፍ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ጎማውን ከላይ እስከ ታች፣ እጥፋቱን እየገለጡ ይጥረጉ፤ ጎማው የሚያርፍበትን ላሜራም እንዲሁ። በደንብ ይድረቅ። አቧራው ላይ የተቀባ ነገር ጭቃ ስለሚሆን ከዚህ በፊት ምንም አይቀቡ። ከዚያ የሲሊኮን ስፕሬይ ጨርቁ ላይ ረጭተው ጎማውን በስሱ ያሹት፤ የተረፈውን በሌላ ጨርቅ ያንሱ። በቀጥታ በሩ ላይ አይርጩ። ሲሊኮን መስታወት ላይ ካረፈ ያደበዝዛል፤ ላሜራ ላይ ከቀረም ወደፊት ቀለም ሲቀባ ቀለሙ አልይዝ ብሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ይላል። ሲሊኮን ካላገኙ ፋርማሲ የሚሸጠው ግሊሰሪን ጎማውን አይጎዳውም። ድክመቱ ውሃ ስለሚያጥበው ክረምት ላይ አለመቆየቱ ነው።

የሚኒባሶቹ ተንሸራታች በር የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ቤት መኪና በማጠፊያ ከመዞር ይልቅ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ባሉ ሐዲዶች ላይ በትንንሽ መንኮራኩሮች ይንከባለላል። የታችኛው ሐዲድ ተሳፋሪው በጫማው የሚያመጣው ጠጠርና ጭቃ ሁሉ የሚጠራቀምበት ነው። ረዳቱ በሩን በኃይል የሚወረውረው ስለሚከብደው ነው፤ የሚከብደው ሐዲዱ ስለቆሸሸ ነው፤ ሲወረወር የሚጨፈለቀው ደግሞ የበሩ ጎማ ነው። ማታ ማታ ሐዲዱን በመጥረጊያ የሚያጸዳ ረዳት ጎማውንም ክንዱንም ያድናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከጎማው ጋር የሚረሳ። በመስታወቱ ዳር ወደ በሩ ሆድ የሚገባ ዝናብ ምንጊዜም አለ። የሚወጣውም በበሩ የታችኛው ጠርዝ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። አቧራ ከደፈናቸው ውሃው እዚያው ተኝቶ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። በሩን ሲከፍቱና ሲዘጉ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰሙ ነገሩ ይኸው ነው። ቀጭን እንጨት አስገብተው ይክፈቷቸው።

የተሰነጠቀ፣ የተቀደደ ወይም ተጋድሞ የቀረ ጎማ ግን በእንክብካቤ አይድንም። ሶማሌ ተራ ሄደው አሮጌ ሊገዙ ከሆነ ከራስዎ መኪና የተቆረጠ ቁራጭ ይዘው ይሂዱ፤ የቱቦው ቅርጽና የሥሩ ስፋት መግጠም አለበት። ከመክፈልዎ በፊት በጣትዎ ይጫኑት። ወዲያው ካልተነሳ ሌላ ሰው የጣለው ችግር ነውና ይተዉት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ ያሉን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። ኤሌክትሪክ ለገዛም ሰው ምክሩ ያው ነው፤ ሞተሩ ዝም ስለሚል የበሩ ሲጢጥታ ይበልጥ ይሰማዋል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦትና ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም፣ ሁሉንም በሮችና የኋላውን የዕቃ መጫኛ ጎማ ይጠቡ፣ ሲሊኮን ይቀቡ። ዘይቱን ለማጠፊያው ብቻ ይተዉለት።