37.5 የማን ሙቀት ነው?

በመፈልፈያ ሣጥኑ ስክሪን ላይ 37.5 የሚል ቀይ ቁጥር ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲበራ ከርሞ በ21ኛው ቀን አንድም እንቁላል ካልተሰነጠቀ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እንቁላሉን ነው። ቀጥሎ አውራ ዶሮውን ይጠረጥራል። የሙቀት ተቆጣጣሪውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ ቁጥሩ ልክ ነበራ!

ቁጥሩ ግን የእንቁላሎቹ ሙቀት አይደለም። የሣጥኑም አይደለም። በቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ ሴንሰር ሙቀት ነው። ተቆጣጣሪው ከእሷ ውጭ በዓለም ላይ ስላለ ነገር የሚያውቀው የለም። አገጣጠሙም፣ ማስተካከያውም፣ ቤት እንዳይቃጠል የሚደረገው ጥንቃቄም የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማ ዶሮ ማርባት እንደ ቁም ነገር ይወራል። በንፋስ ስልክ ላፍቶም ከመካኒሳ እስከ ለቡ ግቢ ወይም ሰርቪስ ቤት ያለው ሰው ከኮምፔንሳቶ ወይም ከተበላሸ ፍሪጅ ቀፎ፣ ከሁለት አምፖልና ከአንድ ተቆጣጣሪ መፈልፈያ መሥራት ይችላል። ከሱቅ የተገዛ የእርባታ እንቁላል ግን አይሆንም፤ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚያዙት አብዛኛውን ጊዜ ያለ አውራ ስለሆነ እንቁላሉ ጽንስ የለውም። ይህን ሳያውቅ ሦስት ሳምንት መብራት የሚያቃጥል ሰው ከተገኘ ጥፋቱን በተቆጣጣሪው ማላከክ አይገባም።

እንቁላልን ያለ ታቃፊ ማስፈልፈል ከኤሌክትሪክ በብዙ ይቀድማል። ግብፃውያን ከጭቃ ጡብ በሠሯቸው ምድጃዎች በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ሲያስፈለፍሉ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ እንቁላሉን ከዓይናቸው ቆብ ላይ አስነክተው ሙቀቱን ይለዩ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬብል ሥራውን ከሰው ላይ አነሳ። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያለው አልኮል ሲሞቅ እየሰፋ ሜርኩሪ ይገፋል፤ ሜርኩሪው ደግሞ የእሳቱን አየር መተላለፊያ በክዳን ይዘጋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይከፍታል። ዛሬ መርካቶ የሚሸጠው ዲጂታል ተቆጣጣሪ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የአልኮሉን ቦታ ሴንሰር፣ የክዳኑን ቦታ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌይ ተክቶታል።

ሴንሰሯ ስትሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሟ የሚቀንስ ቁስ ናት። ተቆጣጣሪው መቋቋሟን ለክቶ ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል፤ ከታዘዘው በታች ከሆነ ሪሌዩ «ቀጭ» ብሎ አምፖሉን ያበራል፣ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ያጠፋል። አምፖሉ ሲጠፋ ግን ሙቀቱ አብሮ አይቆምም። ሶኬቱ የተነቀለ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሁለት እንጀራ እንደሚጋግር ሁሉ፣ የጋለው መስታወትና ግድግዳ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቁን ይቀጥላል። ስለዚህ 37.5 ላይ አጥፋ የተባለ ሣጥን 38.5 ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ የሙቀት ምንጩን ማሳነስ ነው፦ ከአንድ ትልቅ አምፖል ሁለት ትናንሾች ይሻላሉ፤ አንዱ ቢቃጠልም ሌላው ይቀጥላል። ኤልኢዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት እምብዛም ስለማይሰጥ ለዚህ አይበጅም።

እንቁላሉ የሚፈልገው ጠባብ ነው። አየሩን የሚያዟዙር ፋን ባለበት ሣጥን ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል። ፋን ከሌለ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ በእንቁላሎቹ አናት ከፍታ ከ38.5 እስከ 39 ያህል መነበብ አለበት። ሙቀትና ቅዝቃዜ በጽንሱ ላይ የሚያደርሱት ጉዳትም እኩል አይደለም። ለጥቂት ሰዓት ወደ 35 ቢወርድ መፈልፈሉ ይዘገያል፤ ለዚያው ያህል ጊዜ ከ40 በላይ ቢወጣ ግን ብዙ ጽንስ ይሞታል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ስህተት ምረጥ ብባል ያለማመንታት ቅዝቃዜውን እመርጣለሁ፤ ከታች ያለው የጥንቃቄ ምክርም ወደዚያው ያደላል።

በስፋት የሚገኘውን ኤስቲሲ-1000 የተባለ የተቆጣጣሪ ዓይነት እንውሰድ። ከመግዛትዎ በፊት የጎኑን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የ12፣ የ24፣ የ110 እና የ220 ቮልት ዓይነቶች አሉት፣ መልካቸው ግን አንድ ነው። ለእኛ አገር የግድግዳ ሶኬት የሚሆነው የ220ው ነው። ከጀርባው ስምንት ማያያዣዎች አሉ፦ 1 እና 2 የራሱ መብራት የሚገባባቸው፣ 3 እና 4 የሴንሰሩ፣ 5 እና 6 የማሞቂያው፣ 7 እና 8 የማቀዝቀዣው ናቸው። ጀማሪን የሚያደናግረው 5 እና 6 ራሳቸው ኤሌክትሪክ አለማውጣታቸው ነው። እንደ ግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው፤ ፌዙ በ5 ገብቶ በ6 ወጥቶ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፣ ኒውትራሉ ግን በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይደርሳል። ፋኑ ከእነዚህ ጋር መያያዝ የለበትም፤ አምፖሉ በጠፋ ቁጥር አብሮ ከቆመ ሙቀቱ መልሶ ወደ ላይ ይከማቻል።

ማስተካከያው አራት ቁጥር ነው። ኤፍ1 የታዘዘው ሙቀት ሲሆን ፋን ላለው ሣጥን 37.7 ይበሉት። ኤፍ2 ልዩነቱ ነው፦ 0.3 ከሆነ 37.7 ላይ ያጠፋል፣ 37.4 ላይ ያበራል። ኤፍ3 የፍሪጅ ኮምፕረሰር ማሳረፊያ ስለሆነ እዚህ ይለፉት። ኤፍ4 የማረሚያ ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው የማይነካው፣ ነገር ግን ሙሉ ጎጆ እንቁላል የሚያድን ወይም የሚያጠፋ እሱ ነው። ደብሊው1209 የተባለው ርካሹ የተቆጣጣሪ ሰሌዳ ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣ ተስተካክሎ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሣጥኑ ከታዘዘው በላይ በሞቀ ቁጥር አምፖሉን ያበራል፤ ባበራ ቁጥርም ይሞቃል፤ ማቆሚያ የለውም። እንቁላል ከመግባቱ በፊት ሴንሰሯን ከታዘዘው በላይ ማሞቅና አምፖሉ መጥፋቱን በዓይን ማየት ይህን በደቂቃ ያጋልጣል። መቼም በደቂቅ ፊደል የታተመው የመመሪያ ወረቀት ይህን በጉልህ ቢጽፈው ምን ነበረበት!

ወደ ኤፍ4 እንመለስ። ሴንሰር ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ዲግሪ ቢሳሳት አይደንቅም፤ እዚህ ደግሞ አንድ ዲግሪ ብዙ ነው። ከውጭ የመጣ መመሪያ ሴንሰሩን በሚፈላ ውኃ ነክረህ 100 እስኪያነብ አስተካክል ሊል ይችላል። ይህን አዲስ አበባ ላይ ያደረገ ሰው ጉድ ይሆናል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትክክለኛውን ሴንሰር በግድ ወደ 100 ለማስጠጋት 7 ዲግሪ የጨመረ ሰው ስክሪኑ 37.5 ሲያሳየው ሣጥኑ 30.5 ላይ ነው። ጫጩት አይወጣም፤ ቁጥሩ ግን አሁንም ልክ ነው።

ይልቅ ከፋርማሲ የሚገዛው የትኩሳት መለኪያ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ከሁሉም በላይ ትክክል የሆነው 37 አካባቢ ነው። ለብ ያለ ውኃ በፔርሙዝ ይሞሉና የመለኪያውን ጫፍና ሴንሰሯን ጎን ለጎን በክር አስረው ይንከሩ። መለኪያው ሲጮህ ሁለቱን ቁጥሮች ያነጻጽሩ። የትኩሳት መለኪያ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ ስለሚቀር ለሁለተኛ ጊዜ ሲለኩ አጥፍተው ያብሩት። ተቆጣጣሪው 38.1፣ መለኪያው 37.4 ካሉ ኤፍ4 ላይ የሚገባው 0.7 ሲቀነስ ነው።

ሴንሰሯ የምትሰቀልበት ቦታ ከማስተካከያው አያንስም። በእንቁላሎቹ አናት ከፍታ፣ ከበሩ ርቃ፣ የአምፖሉ ጨረር በቀጥታ የማያርፍባት ቦታ ላይ ትሁን። ጨረር ያረፈባት እንደሆነ ከአየሩ በላይ ትሞቃለች፤ ተቆጣጣሪው አምፖሉን ቶሎ ያጠፋዋል፣ እንቁላሎቹም ይበርዳቸዋል። ከሁሉ የከፋው መውደቋ ነው። እንቁላል ሲገላበጥ የተጎተተች ሴንሰር ከሣጥኑ ውጭ ተንጠልጥላ ብትቀር፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አየር ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላልና፣ ተቆጣጣሪው «ገና በርዷል» ብሎ አምፖሉን እስከ ንጋት አያጠፋም። በናስተር ብቻ ማጣበቅ አይበቃም፤ እርጥበትና ሙቀት ሙጫውን ያላቅቀዋል። በፕላስቲክ ማሰሪያ እንቁላሎቹ ከሚቀመጡበት ወንፊት ጋር ጥብቅ ማድረግ ነው።

ሌላው አደጋ ሪሌዩ ውስጥ ነው። በየሁለት ደቂቃው አንዴ የሚበራ ሣጥን በቀን 720 ጊዜ፣ በ21 ቀን ደግሞ ከ15,000 ጊዜ በላይ በርቶ ይጠፋል። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሪሌዮች በሙሉ ጭነት ብዙውን ጊዜ የሚገመተው ዕድሜያቸው 100,000 ጊዜ አካባቢ ነው፤ ሰባት ዙር ሳይሞላ ያልቃል ማለት ነው። ጭነቱ ሲቀል ዕድሜው ይረዝማል። ሲሞት ግን ሁልጊዜ ጠፍቶ አይሞትም፤ በብልጭታ የቀለጡት መገናኛዎች ተጣብቀው አምፖሉ እንደበራ ሊቀር ይችላል። ያኔ ስክሪኑ 45፣ 50 እያለ እየቆጠረ ምንም ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ ለተቆጣጣሪው ዘበኛ ያስፈልገዋል። ከአምፖሉ ጋር በተከታታይ የሚያያዝ፣ በራሱ የሚሠራ ሁለተኛ ቴርሞስታት ፋን ባለው ሣጥን 39 ላይ እንዲቆርጥ ይደረጋል፤ ከዚያ ደግሞ 70 ዲግሪ ገደማ ላይ ተቃጥሎ የሚበጥስ የሙቀት ፊውዝ ይጨመራል። የመጀመሪያው ጽንሱን፣ ሁለተኛው ቤቱን ይጠብቃል። ገንዘብ ካጠረ የሚያምረው ስክሪን ይቅር እንጂ እነዚህ አይቅሩ።

ሪሌዩ ላይ 10 አምፔር ተብሎ የተጻፈው በ220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት ይሆናል። እዚያ ድረስ ግን መሄድ አይገባም። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የተፈተኑት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ አገልግሎት ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ እዚህ ላይ ይበልጥ ይግላሉ። ግማሹን ጣሪያ ማድረግ ይበጃል። በሁለት መቶ ዋት ለሚሠራ መፈልፈያ ይህ አያሳስብም፤ ለምጣድ ልጠቀምበት የሚል ካለ ግን ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ይተወው። ሣጥኑ ውስጥ ለእርጥበት የሚቀመጥ የውኃ ሳህን ስላለ ተቆጣጣሪውና የሽቦ ማያያዣዎቹ ከውጭ ይሁኑ፣ የብረት ክፍል ካለው ወደ መሬት ይታሰር። የፌዝና የመሬት ነገር ካልገባዎት ባለሙያ ይጥሩ። እንቁላል ከመግባቱ በፊትም ባዶውን ሣጥን አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አሠርተው ይዩት።

መብራት ሲጠፋስ? እናት ዶሮም በየቀኑ ለመብላት ከእቅፏ ትነሳለች፤ ጽንሱ አጭር ቅዝቃዜ ይችላል። በሩን አለመክፈት ነው። በሣጥኑ ወለል ላይ ሦስት አራት ውኃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ መደርደር ብዙ ይረዳል፤ ውኃ ሙቀት በብዛት ስለሚይዝ ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ አምፖሉ በበራ በጠፋ ቁጥርም የሣጥኑ ሙቀት አይናጥም። አደጋው የሚበዛው መብራቱ ሲመለስ ነው። ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል ለፍሪጅ የሚሸጠው መከላከያ እዚህም ይሠራል። የቀዘቀዘ ሣጥን ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ ስለሚሞቅ ከታዘዘው አልፎ መሄዱ አይቀርምና የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከአጠገቡ መቆም ነው።

በ18ኛው ቀን እንቁላሉን መገላበጥ ይቆማል፣ እርጥበቱም ወደ 65 ወይም 70 በመቶ ከፍ ይደረጋል፤ በስስ አየር እንቁላል ቶሎ ስለሚደርቅ በአዲስ አበባ የውኃ ሳህኑን ችላ ማለት አያዋጣም። በእነዚህ ቀናት አምፖሉ እምብዛም እንደማይበራ ያስተውላሉ። ተቆጣጣሪው ተበላሽቶ አይደለም፤ ያደጉት ጽንሶች የራሳቸውን ሙቀት ስለሚያመነጩ ነው። ኤፍ1ን መነካካት አያስፈልግም።

ጫጩቶቹ ከደረቁ በኋላ ያው ተቆጣጣሪ ማሳደጊያው ላይ ይሠራል። በመጀመሪያው ሳምንት 33 አካባቢ ይታዘዝና በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል፤ ሴንሰሯም ወደ ጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ትወርዳለች። ተደራርበው ከተቆለሉ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ከአምፖሉ ከሸሹ ደግሞ ሞቋቸዋል፣ ስክሪኑ ምንም ቢል።