በሞቃትና በርጥብ አገር ለጌጥ ስለሚተከለው የሙዝ ነገድ

ሙቀትና ዝናብ በማይለያዩበት አገር ግቢውን በልምላሜ ሊያስጌጥ ለሚሻ ሰው፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰፊ ቅጠልና ግርማ በመስጠት የሙዝን ነገድ የሚተካከል ተክል ጥቂት ነው። ሕዝብ ሙዝን የሚያውቀው በፍሬው ቢሆንም፥ ለጌጥ የሚተከሉት ዓይነቶች የሚመረጡት በቅጠላቸው ኅብር፥ በጽጌያቸው ውበትና በቁመናቸው ነው፤ የብዙዎቹ ፍሬ በጠጣር ዘር የተሞላ ስለ ሆነ ለገበታ አይበቃም። ሊቃውንተ ዕፀዋት ነገዱን ሙሳ፥ እንሰትና ሙሴላ ብለው በሦስት ወገን ይከፍሉታል። ሦስቱም ዛፍ ይምሰሉ እንጂ ዛፍ አይደሉም፤ ግንድ የሚመስለው አካል እንደ ሽንኩርት ልብስ ተደራርበው የተጠቀለሉ የቅጠል እግሮች ስብስብ ሲሆን፥ እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች ተሰውሮ ይኖራል። ከዚህ ጠባይ የተነሣ ተክሉ ፈጥኖ ያድጋል፥ ብዙ ውሃ ይጠጣል፥ እያንዳንዱም ግንድ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል።

ከሙሳ ወገን ለአነስተኛ ግቢ የምትስማማው ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የተገኘችው ቬሉቲና ናት፤ ቁመቷ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም፥ ጠጕር የለበሰው ሐምራዊ ፍሬዋም ሲበስል ልጣጩ በራሱ ይከፈታል። ኮክሲኒያ የምትባለው የደቡብ ቻይናና የቬትናም ተወላጅ ደም የመሰለ ቀይ አበባዋን ሽቅብ አቅንታ ስለምታቆም፥ አበባዋ ተቆርጦ ለቤት ጌጥ ይውላል። ዜብሪና የተባለው የእስያ ሙዝ ግን የሚወደደው በአበባው ሳይሆን በአረንጓዴው ቅጠል ላይ በተነጠበው ቀይ ቀለም ነው። ሙሴላ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ቻይና ተራሮች የበቀለች አጭር ተክል ስትሆን፥ ብጫው አበባዋ ለብዙ ወራት ሳይረግፍ ይቈያል።

የእንሰት ነገር ለእኛ ከሁሉ የቀረበ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተክሉን ከነሥዕሉ ገለጸው፤ በ1853 በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ወደ ኪው የዕፀዋት ገነት ላከ፤ በ1947ም ቺዝማን የተባለው ሊቅ እንሰት ከሙሳ ተለይቶ ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን አጸና። ዛሬ ሞሬሊ የሚባለው ቅጠለ ቀዩ እንሰት የብዙ አገር የአትክልት ቦታ ሞገስ ነው፤ በአገራችን ግን በደቡብ የሚሊዮኖች ምግብ፥ በሰሜንም ኮባ ተብሎ የድፎ ዳቦ መጠቅለያ ከመሆን አልፎ ለውበቱ ሲተከል የሚታየው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እንሰት ከቆላ ሐሩር ይልቅ የወይና ደጋንና የደጋን አየር ይመርጣል፤ ደግሞም እንደ ሙዝ ከሥሩ ልጆች አያፈራም። ስለዚህ የደቡብ ገበሬ አምቾ የሚባለውን ከመሬት በታች ያለ ግንዱን እምብርቱን ቆርጦ አውጥቶ ይቀብረዋል፤ ከዚያም ከአንዱ አምቾ ብዙ ችግኝ ይበቅልለታል።

የእንክብካቤው ሥርዓት ግን ለሁሉም ተቀራራቢ ነው። ሙዝ እጅግ የሚፋፋው በ26 እና በ30 ዲግሪ መካከል ሲሆን፥ ከ14 ዲግሪ በታች እድገቱ ይገታል፤ ውርጭም ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ውሃ ወዳድ ቢሆንም ውሃ በተኛበት ምድር ሥሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ መደቡን ከፍ ማድረግ ይገባል። ብስባሽና የቤት አመድ ይስማማዋል። ቅጠሉ በነፋስ ሲተለተል ተክሉን ብዙ አይጎዳውም፤ ለውበት የተተከለውን ግን ከንቱ ያደርገዋልና በግድግዳ ወይም በዛፍ ከለላ ሥር ማኖር ይበጃል። ከሙዝ እናት ሥር ከሚወጡት ልጆችም ሁለት ወይም ሦስት ብርቱዎችን አስቀርቶ የቀሩትን መንቀል ያስፈልጋል።

ቅጠሉን የሚያለመልመው ርጥበት ግን በሽታንም ያበረታል። እ.ኤ.አ. በ1912 በፊጂ ደሴቶች ብርቱ ጥፋት አድርሶ ከሲጋቶካ ሸለቆ ስሙን ያገኘው በሽታ ቅጠሉን በነጠብጣብ ያደርቀዋል፤ የፓናማ በሽታ የሚባለውም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት እየኖረ ከሥር ጀምሮ ያጠወልጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ እንሰት ላይ መታየቱ በጽሑፍ የተገለጸው አጠውልግ የሚባለው በሽታ ደግሞ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሻገረው ይበልጡን በቢላዋና በማጭድ ነው። ለእነዚህ የፓናማና የአጠውልግ ደዌዎች ተክሉን የሚፈውስ መድኃኒት ስላልተገኘላቸው፥ ጥበቡ ሁሉ በመከላከል ላይ ያርፋል፤ ይኸውም ተክሉን አራርቆ መትከል፥ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል፥ መሣሪያውንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት በእሳት ማንጻት ነው።

እንግዲህ ለጌጥ ሙዝ ሊተክል የሚያስብ ሁሉ ቀለሙን አይቶ ከመማረኩ በፊት የቦታውን ከፍታ፥ የነፋሱን አቅጣጫና የውሃውን መውረጃ ይመርምር፤ ችግኙንም ከጤነኛ እናት ይውሰድ። የወይና ደጋ ሰው ደግሞ ከሩቅ አገር ተክል ከማስመጣቱ በፊት፥ ሌሎች ሕዝቦች በክብር ያስቀመጡትን የገዛ አገሩን እንሰት በደጁ ቢተክል ይበጀዋል።