ያገረሸ የሳንባ ካንሰርና የመድኃኒቶች ኅብረት

ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ በቆየው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሚታከሙት ደዌዎች አንዱ፣ ከትንባሆ ጋር እጅግ የተቈራኘው ባለትናንሽ ሕዋስ የሳንባ ካንሰር፣ በመጀመሪያው መድኃኒት እንደ ጉም በኖ የጠፋ መስሎ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚያገረሽ ጽኑዕ ጠላት ነው።

ያገረሸውን ደዌ በአንድ መድኃኒት ከመዋጋት ይልቅ በብዙዎች ኅብረት መግጠም ይሻል እንደ ሆነ ለመፈተን፣ የጃፓን ሊቃውንት ከፊተኛው ሕክምና ፍጻሜ በኋላ ቢያንስ 90 ቀን ዕረፍት ያገኙትን 180 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ሲስፕላቲን፣ ኢቶፖሳይድና አይሪኖቴካን በአንድነት፣ ለሁለተኛው ቶፖቴካን ብቻውን ሰጡ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤትም የሕሙማኑ እኩሌታ በሕይወት የቆየበት ዘመን በኅብረቱ ወገን 18.2 ወር፣ በሌላው 12.5 ወር ሆኖ ተገኘ። ይህ ስድስት ወር የማይሞላ ጭማሪ፣ ለአንድ አባት ልጁን ድሮ ለመመረቅ የሚበቃ ነውና፣ እንደ ቀላል ሊቈጠር አይገባም።

ነገር ግን ዋጋ አለው፤ ጽኑዕ የደም ማነስ ከኅብረቱ ወገን 84 ከመቶውን ሲያገኝ፣ ከቶፖቴካን ወገን ያገኘው 28 ከመቶውን ብቻ ነበር፤ የነጭ ደም ሕዋሳትን የሚያበረታ መርፌም ከኅብረቱ ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የሚለገስ ደምና የዘወትር ክትትል እንደ ልብ በማይገኝበት ስፍራ ያለ ሐኪም፣ ይህን ኅብረት ከማዘዙ በፊት የሕሙሙን ጉልበትና የደም ባንኩን አቅም አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።