ለኤሊያችን የሠራነው ሙቅ ቤት

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ ኤሊያችንን አፍንጫዋ አረፋ ደፍቆ፣ አንገቷን ማንሳት አቅቷት አገኘናት። ልጄ «ሞተች እንዴ?» ብላ አለቀሰች። የእንስሳት ሐኪሙ ብርድ ነው አለን፤ መድኃኒት ሰጠን። ቅርፊቷ እንደ ነብር የተዝጎረጎረው ይህች ኤሊ እንደ አውሮፓ ዘመዶቿ ብርዱን ተኝታ አታሳልፍም። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

አናጺ ጠርተን ከሞራሌና ከኮምፔንሳቶ ቤት አሠራንላት። ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ድርብ ነው፤ መሃሉ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም አለ። ፎሙን እንዳይታይ ይሸፍኑት፤ ኤሊ ያገኘችውን ትነክሳለች! ከላይ ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ በሽቦ ወንፊት ታጥሮ ተሰቅሏል፤ ቴርሞስታቱ 22 ዲግሪ ላይ ነው። የአምፖሉ መያዣ የሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በጀሪካን እናስገባለን።

አሁን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይነግራት የፕላስቲክ መጋረጃውን ገፍታ ትገባለች።