እጁስ?

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት አከርካሪው የተጎዳ ወጣት ሲተኛ፣ ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁኝ «ይራመዳል ወይ?» ብለው ነበር። «እጁስ?» የሚል ጥቂት ነው። የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቪክ ቼስነትን ታሪክ የማነሣውም ለዚሁ ነው።

ቪክ ያደገው በጆርጂያ ግዛት፣ ዜቡሎን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጊታር ያስተማሩት አያቱ ናቸው (አያቶች፣ ልብ በሉ!)። እ.ኤ.አ. በ1983፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ጠጥቶ ሲያሽከረክር አደጋ ደረሰበትና ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። እንዲህ ያለው ጉዳት ግን ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። እጆቹ ላይ ጥቂት እንቅስቃሴ ቀርቶት ነበር። ጣቶቹ የሚችሉት ቀላል ቀላሉን ኮርድ ብቻ ስለሆነ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በዚያችው መጠን ዘፈን ይደርስ ጀመር።

በዚያው ግዛት፣ በአቴንስ ከተማ ሲጫወት የአር.ኢ.ኤም. ባንዱ ማይክል ስታይፕ ሰማው። «ሊትል» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ፕሮዲውስ አደረገለት፤ በ1990 ወጣ። በኢንዲ ሮክ ዓለም ስሙ ተከበረ። በ1996 ማዶናን ጨምሮ እውቅ ድምፃውያን የእሱን ዘፈኖች በአንድ አልበም ዘፈኑለት፤ ገቢው የሕክምና ወጪ ለከበዳቸው ሙዚቀኞች ነበር።

በ2009፣ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ በ45 ዓመቱ ሕይወቱ እስኪያልፍ ከአሥር በላይ አልበሞች አውጥቷል። የሆስፒታል ዕዳውና ራሱን ለማጥፋት የሚገፋፋው ጭንቀት ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቁትም።